የስንቄ ገብስና የወፍ ማኅበራችን

ደባርቅ ላይ የወፍ ማኅበር ነበረን ብዬ ስናገር የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ይሳቅ! እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ፤ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና እየረገጥሁ የኖርሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቁጡ ነው ይሉኛል። ዛሬ ሱሪ አምጥቶ ነገ ጠዋት «ደረሰ ወይ?» እያለ ለሚነዘንዘኝ ሰው ምን ላድርግ፣ ልዝፈንለት? ለማንኛውም የማወራው ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ስንቄ ነው። ከኔ የተሻለ የሚያወራላት ሰው ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን የበደልኋት እኔ ነኝና መናገሩም የኔ ድርሻ ነው።

ማኅበሩ የተጀመረው በ1961 ዓ.ም. ነው። መምህር ዳኘው ከጎንደር ተመድቦ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ዋልያ ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወዳጅ ሆነውና ሲሄድ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሩን ትቶለት ሄደ። ዳኘው ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይወጣል፤ ያይና ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ያይና ይጽፋል። አገር ተሸበረ። «ቀላድ ሊጥልብን ነው! መሬታችንን በመስተዋት እየለካው ነው!» ተባለ። ጎረምሶቹ ዱላ ሊያነሡበት ሲሉ የደብራችን ቄስ መምሬ ኪዳነ ማርያም ነገሩን ሊያጣሩ ሄዱ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምታየው?» አሉት።

«ወፍ ነው፣ አባ።»

«ወፍማ በደጃፍህ ሞልቶ!»

«ይኼኛው ግን በደጃፌ አይመጣም» ብሎ መነጽሩን ሰጣቸው።

መምሬ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ገደሉ ላይ፣ ጉሙ መሐል፣ አጥንት ከሰማይ እየጣለ በድንጋይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ያንዣብብ ነበር። ጺሙ ሳይቀር ታያቸው። በመጨረሻ መነጽሩን መለሱለትና «ጥፋትህ ይህን ብቻህን ማየትህ ነው» አሉት።

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር ሰው ብቻውን የሚያደርገው ነገር ይጠረጠራል፤ ማኅበር ካለው ግን ማንም ክፉ አይናገረውም። ስለዚህ ማኅበር ሆንን። የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ቆመው፣ ውኃ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ተሥላለችና መምሬ «ቀናችሁ የአቡዬ ቀን ይሁን» አሉን፤ ወር በገባ በአምስተኛው ማለት ነው። ዳኘው የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ ሆነ። እኔ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ጸሐፊ ሆንሁ። አገኘሁ የሚባለው መርፌ ወጊው ድሬሰርና ሌሎችም ገቡ፤ ዘጠኝ ደረስን። ጎህ ሲቀድ አፋፍ ወጥተን ወፍ እናያለን፣ ከዚያ ተራው የደረሰው ሰው ቤት ሄደን ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋ ይጠጣል፣ እኔም የታየውን ሁሉ በመዝገብ አሰፍራለሁ። ገበያተኛው «ሥራ ፈቶች» አለን። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፣ እኛም እንዳገራችን ወፍ አየን፤ ምን አጠፋን?

እነዚያ ማለዳዎች! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጋቢያችንን ተከናንበን አፋፉ ላይ እንቀመጣለን። ከታች ጉሙ ቆላውን ሸፍኖት ዛሪማ የት እንዳለች አይታወቅም፤ ዓለም እግራችን ሥር ያለቀች ይመስላል። ከዚያ ፀሐይ ትነካዋለች፤ ጉሙም ቀስ እያለ፣ እየተነፈሰ መነሣት ይጀምራል። ከውስጡ መጀመሪያ ድምፅ ይመጣል፣ ወፉ በኋላ። አንድ ክንፍ ይታይና ይጠፋል፤ አይቼ ይሁን አልሜ አይለይልኝም። ማንም አይናገርም። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ስጨቃጨቅ የምውል ሰውዬ፣ እዚያ ስሆን የራሴን ስም እረሳለሁ። ከዚያ በፊት ለካ ተቀምጬ አላውቅም።

ስንቄን ያገኘናት በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከአፋፉ ስንመለስ፣ ገብስ ማሳ መካከል በቆመ የእንጨት ማማ ላይ አንዲት ሴት ወንጭፍ ታሽከረክራለች። ዳኘው በመነጽሩ አንዲት ትንሽ ቢጫ ወፍ እያየ «ይህችን አላወቅኋትም» ሲል ሴትዮዋ ከላይ ሰማችው።

«አንተ ረጅሙ! እሷን ተዋት፣ ትል ለቃሚ ናት። ሌባዋ ያችኛዋ ናት፣ ከኋላህ ቁጥቋጦው ውስጥ ያለችው። አንተ እስክትሄድ እየጠበቀች ነው!»

ዞረን ብናይ እውነትም አለች፣ ግራጫዋ፣ ቅጠል መስላ። ዳኘው ኮፍያውን አወለቀላት። ከዚያ ቀን በኋላ መምህራችን እሷ ሆነች። የትኛዋ ከፀሐይ በፊት እንደምትመጣ፣ የትኛዋ ከፀሐይ በኋላ፣ መንጋው ከመውረዱ በፊት የትኛዋን ሰላይ አድርጎ እንደሚልክ፣ ዋኔ የምትባለው እርግብ ዝናብ ሲመጣ የት እንደምትገባ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ዳኘው መነጽሩን ቢሰጣት አንድ ጊዜ አይታበት መለሰችለት። «ሩቁን ምን ላድርገው? የኔ ጠላቶች ቅርብ ናቸው» አለችው። ሣቋ አሁንም ይሰማኛል። በወሩ መምሬ ባርከው በማኅበሩ አስገቧት፤ ዐሥረኛችን ሆነች።

ስንቄ የጃናሞራ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ወፍ ልትጠብቅ ማማ ላይ ወጣች፤ ከጥርሷ ጋር ወንጭፍ አበቀለች ይሏታል። ደምለው የሚባል የደባርቅ ገበሬ አግብቷት መጣች። ልጅ አልሰጣቸውም። ደምለው አንድ ዓመት ወደ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና ሳይነሣ ቀረ። አንዲት ጎጆ፣ አንድ ማሳ ገብስና አንዲት ላም ቀሯት። ጎረቤት በደቦ ያርስላታል፣ ያጭድላታል፤ መጠበቁ ግን የራሷ ነበር። ሲነጋ ማማው ላይ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትወርዳለች። ወንድሟ ወልደ ሩፋኤል በየዓመቱ ከጃናሞራ እየመጣ «ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ከልጆቼ ጋር ኑሪ» ይላታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ አዝኖላት ነው። እሷ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት፦

«ገብሴ እስከ ገባ ድረስ ከደምለው ደጃፍ አልነቀነቅም። ጎተራዬ የጎደለ ዓመት ያኔ ና፣ ውሰደኝ፤ እኔም እምቢ አልልህም። የሰው ቤት ጥገኛ መሆኔ ግን በቁሜ መሞቴ ነው።»

ይህን ሁላችንም ሰምተናል። እኔም በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ሰበብ የለኝም።

ሌላም ነገር አለ፤ ከጀመርሁ አይቀር ልናገረው። ሚስቴ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር። ወር እስኪገባ የምቸኩለው ለወፍ ብዬ ብቻ አልነበረም። ስንቄ አፋፉ ላይ ከጎኔ ከተቀመጠች ያን ቀን ማንንም አልቆጣም። ለሰው ግን አልተናገርሁም፣ ለሷማ ጭራሽ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥቅምት አምስት ቀን 1964፣ የአቡዬ በዓል፣ ተራው የኔ ነበር። ደጄ ላይ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰው ደስ ብሎት ሳለ አንድ ቁራ ከጣሪያው ወርዶ ከመሶቡ ትልቁን ቁራሽ ላፍ አደረገ። ድሬሰሩ አገኘሁ ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ። ቁራውን ሳተ፤ የጠላ እንስራዬን ግን አልሳተም። ጠላው ደጄን አጥለቀለቀው። ሰው በሣቅ ወደቀ፤ እኔ ደግሞ ነደድሁ።

«ወፍ ላይ ድንጋይ የምትወረውሩ ምን ዓይነት የወፍ ማኅበር ናችሁ?» ብዬ መዝገቡን አመጣሁ። ብዕሬን ነክሬ፣ ፊደሌን አሳምሬ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «በአቡዬ ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ማንኛውም የማኅበራችን አባል ወፍን በድንጋይ፣ በጅራፍም ሆነ በጩኸት እንዳያባርር።» ቆሜ አነበብሁት። አጨበጨቡልኝ። ሁሉም እየሣቀ ፈረመ። ከዚያ ጽዋው ዞረ፣ እያንዳንዱም ጽዋውን ይዞ «ይደርብን» አለ። ጽዋ ተይዞ የተባለ ነገር ደግሞ ቀልድ መሆኑ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ይህን የማያውቅ ጎንደሬ የለም።

እኛ ምን አለብን? የድሬሰሩን መርፌ ወፍ አይበላውም፣ የኔን ክር ወፍ አይበላውም። ስንቄም ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ፊቷን አላየሁትም፤ የጽሕፈቴን ማማር ሳይ ነበር። የኅዳር ተራ የሷ መሆኑን የጻፍሁትም እኔው ነኝ፣ ከዚያው ገጽ ሥር።

ኅዳር አምስት ገብስ የሚደርስበት ሰሞን ነው። የስንቄ ገብስ አጎንብሶ፣ በሳምንቱ ሊታጨድ ደቦ ተጠርቶለታል። የአቡዬ ቀን ስለሆነ ማጭድ የሚያነሣ የለም፤ ወፍ መጠበቅ ግን ማንም አይከለክልም። ያን ቀን ከሁሉም ቀድሜ ብቻዬን ሄድሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሌሎቹ ሳይመጡ ትንሽ ላጫውታት ብዬ ነው።

ጉሙ ገና አልተነሣም። ማሳው ዳር ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ካፊያ የሣር ክዳን ላይ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት፣ ለስላሳ፣ የማያቋርጥ። ዝናብ መስሎኝ ቀና አልሁ። ዝናብ አይደለም። ወፍ ነው። ማሳው ሙሉ ወፍ ነው! ቢጫው፣ ግራጫው፣ ቡናማው፣ በየዛላው ላይ ተንጠልጥሎ ገብሱን ይፈለፍላል። በዙሪያው ካሉት ማሳዎች ሁሉ ጅራፍ ይጮኻል፤ የሌላው ሰው ጅራፍ የአገሩን ወፍ ወደ ስንቄ ማሳ ይነዳዋል። እሷ ማማው ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወንጭፉን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ሁለት እጇን በብብቷ ሸጉጣ፣ እንባዋ ይወርዳል።

ወደ ማማው ወጣሁ። «እታለም ስንቄ...» አልኋት።

«እንኳን መጣህ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ በዝግታ። «ጎረቤቴ ልጠብቅልሽ ቢለኝ እምቢ አልሁት። በሰው እጅ መወርወርም መወርወር ነው። ጽዋ ይዤ ያልሁት ነገር ነው። ግን ደንቡን የጻፍኸው አንተ ነህ። ስትጽፈው ገብሴንም ማለትህ ነበር? አንድ ነገር በለኝ። ቀልድ ነው ካልኸኝ አሁኑኑ እነሣለሁ።»

አያችሁ? «ቀልድ ነው፣ ወርውሪ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን ዳኘው ምን ይለኛል አልሁ፤ «ጸሐፊው ቆሞ ያነበበውን በወሩ አፈረሰ» ብለው ገበያው ላይ መሣቂያ ያደርጉኛል አልሁ። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም አትፈልጉለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆንሁ።

«መምሬ ይምጡና ይፍቱሽ» አልኋት።

መምሬ ደግሞ ለፍትሐት ወደ ሌላ ደብር እንደሄዱና ቶሎ እንደማይመለሱ ሰምቼ ነበር። አፈር ያስበላኝ፣ ሰምቼ ነበር!

«እሺ» አለች። ከጎኗ ተቀመጥሁ። ጉሙ መነሣት ጀመረ፤ ፀሐይም ማሳውን ነካችው፣ በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ክንፍ በአንድ ጊዜ አበራ። ሲነሡ ማሳው ራሱ የሚነሣ ይመስላል፤ ሲቀመጡ ማሳው ይተነፍሳል። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ምን መሰላችሁ? ያ ሰዓት ያማረ ነበር። እስከ ዛሬ በእንቅልፌ ይመጣብኛል። እሷ ዝም ብላ ታለቅሳለች፣ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ፣ የዓመት ቀለቧ ደግሞ ከፊታችን እያለቀ ነው።

ዳኘውና የቀሩት የደረሱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዳኘው ማሳውን አየ፣ ማማውን አየ፣ እኔን አየኝ። ኮቱን አውልቆ ጣለና ገብሱ መሐል ገባ፤ እዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቆምን ደንቡ አይከለክልም። ወፎቹ ከዙሪያው ብር አሉ። ያኔ ሁላችንም ገባን። ድሬሰሩ ገባ፤ እኔም ከማማው ዘልዬ ገባሁ። በነጭ ጋቢያችን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ሳንናገር እዚህም እዚያም ቆምን። መንገደኛ ቆሞ ያማትብ ነበር፤ አብደዋል ብሎ ነው። ሰው በቆመበት ይነሣሉ፣ ሰው በሌለበት ይወርዳሉ። ለአንድ ማሳ ስምንት ሰው ምን ይበቃዋል? ክንዴ ደነዘዘ፣ እኔም አለቀስሁ፤ ማንም እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርሁ።

መምሬ የመጡት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት።

«አቡዬ ለወፏ የገዛ እንባቸውን ሰጧት እንጂ የድኻ ገብስ አልሰጧትም! ይህን የጻፈ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ የሚገባኝን ሊሉኝ ፈልገው ተዉት። ወደ ማማው ዞረው «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፣ ወርውሪ!» አሏት። ስንቄ ወንጭፏን አንሥታ ቆመች። የሚወረወርበት ወፍ ግን አልነበረም፤ ጠግበው ሄደዋል። ወርዳ ቤቷ አስገባችንና ዳቦውን አቀረበች፣ ጠላውን ቀዳች። ተዪ ብንላትም «ተራዬ ነው፣ እንግዳ አላስርብም» አለች። ያን ዳቦ የዋጥሁት በውኃ ነው።

ታጭዶ ሲወቃ ከወትሮው ግማሽ በታች ነበር። ደንቡን በታኅሣሥ አምስት ሰረዝነው፤ ለስንቄ ግን ምን ይረባታል? ማኅበሩ እህል ቢያዋጣላት «ለዘንድሮ ትሰጡኛላችሁ፣ ለከርሞስ?» ብላ አልቀበልም አለች። የነበራት እስከ ፋሲካ አደረሳት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወልደ ሩፋኤል በቅሎ ይዞ መጣ፤ እሷም ቃሏን ጠበቀች፣ እምቢ አላለችውም።

ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ እስከ መገንጠያው ሸኘኋት። ወንድሟ ጭነቱን ሊያጠብቅ ዞር ሲል ተናገርሁ። ያን ቀን ልፈታት እችል እንደነበር፣ መምሬ ቶሎ እንደማይመጡ እያወቅሁ እሳቸውን ጠብቂ እንዳልኋት፣ ሁሉንም ተናገርሁ።

«ዐውቄዋለሁ» አለችኝ። «አልጎዳኸኝም ብልህ እዋሻለሁ፤ ይኸው ቤቴን ዘግቼ እየሄድሁ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አርባ ዓመት ሙሉ ወፍ ሳይ እጄ ድንጋይ ይፈልግ ነበር። ያን ቀን እጄ ሲታሰር አንዲቷ እዚህ ጉልበቴ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች፤ ላባዋ ሥር ልቧ ሲመታ ይታያል። ይህችን ታህል ፍጥረት ነው ወይ ዕድሜዬን ሙሉ የተጣላሁት ብዬ አለቀስሁ። እናንተ ለገብሱ መስሏችኋል። ያን ስላሳየኸኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። አመሰገነችኝ እኮ! ያኔ የቀረኝ ኩራት ሁሉ ፈሰሰ። «አትሂጂ» አልኋት፤ «አግቢኝ። ቤቴ ይበቃናል። ካወቅሁሽ ጀምሮ በልቤ ያለው ይኸው ነው።»

ያን ሣቋን ሣቀች፣ ዓይኗ ግን አልሣቀም።

«ይህን ጥቅምት ላይ ብትለኝ ኖሮ፣ ሀብቴ፣ ገብሱን ሁሉ ይብሉት እል ነበር። አሁን ብቀር አንተ በደልህን ልትክስ፣ እኔም ከችግር ልሸሽ ተጋባን ነው የሚባለው። እኛም አንድ ቀን ስንጣላ ይህንኑ እንባባላለን።»

ወልደ ሩፋኤል በቅሎዋን ነዳት፣ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላ ተከተለች። ዳገቱን ዞረው እስኪሰወሩ ድረስ መንገዱ ላይ ቆሜ አየኋት።